መካከለኛው መንገድ በማን ጉልበት ይለካል?

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና አጠባበቅ ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። በዚህ ወር የምናነሣው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከቤተ ሰብ ኑሮ የራቀ አይደለም። ይኸውም አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር በብስክሌት ተራራ ለመውጣት ሲያስቡ ጉዞውን አስቀድመው እንዴት ማሰናዳት እንደሚገባቸው ነው። ይህን የምንጽፈው ዐዋቂዎች ስለ ሆንን አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሳንሰናዳ ሄደን የደረሰብንን ስለማንረሳው፣ ሁለተኛም ተሰናድተን ሄደን ያገኘነውን ስለ ወደድነው ነው።

በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የሚታየውን የእንጦጦን ተራራ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችው በዚያ ነው። የንጉሡ ከተማ አስቀድሞ ከዚያ ከፍታ ላይ ነበረ፤ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው ሜዳ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ግን ሕዝቡ ብርዱንና ነፋሱን እየሸሸ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ተራራውንም ከጊዜ በኋላ ባሕር ዛፍ አለበሰው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለብስክሌት መንገድ ስለ ተበጀለት፣ የከተማው ሰው ከጭስና ከጫጫታ ለማረፍ ይወጣበታል። ስመ ጥር ሯጮቻችን ልምምድ ከሚያደርጉባቸው ቦታዎችም አንዱ ይኸው ተራራ ነው።

ብስክሌት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ጨዋታ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿንም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። ጎማው ሰፊና ጥርሳም የሆነው፣ ማርሹም ለዳገት የተሠራው የተራራ ብስክሌት ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በታማልፓይስ ተራራ፣ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን እያጠነከሩ የጥርጊያውን ቁልቁለት መውረድ ስላዘወተሩ የተጀመረ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በዋለው ቅዳሜ፣ ከባለቤታችን፣ ከ16 ዓመት ሴት ልጃችንና ከ13 ዓመት ወንድ ልጃችን ጋር ወደ እንጦጦ ወጣን። ስለ መንገዱ የጠየቅነው አንድ ወዳጃችን፣ «መካከለኛ ነው፤ አያስቸግርም» አለን። እኛም፣ «ለማን ነው መካከለኛ የሆነው?» ብለን ሳንጠይቀው በቃሉ ረክተን ተነሣን። ልጃችን የያዘው ብስክሌት ከትልቁ የአጎቱ ልጅ የተዋሰው ነበረ፤ ኮርቻው ከፍ ያለ፣ የፍሬኑም ዘንግ ከጣቶቹ የራቀ ነበረ። ይህን አይተናል፤ ዳሩ ግን «ይለምደዋል» ብለን አለፍነው።

ከቤት የተነሣነው ረፍዶ ነበርና፣ ከላይ ስንደርስ የያዝነው ውሃ አልቆ፣ ሰዓቱም ከቀኑ ዘጠኝ ሆኖ ነበር። ባለቤታችንና ሴቷ ልጃችን በመኪናው መንገድ ዳር በዝግታ እንውረድ ሲሉ፣ እኛ ግን ከፓርኩ ክልል ውጭ ወደ ከተማው የምትወርድ አንዲት የእግር መንገድ አይተን፣ ልጁን «ና ተከተለኝ፤ በአቋራጭ እንቀድማቸዋለን» አልነው። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የያዘን የጎልማሳነት ትዕቢት ነው፤ ልጃችን አባቱ ገና ብርቱ መሆኑን እንዲያይ ፈልገን ነበር። ዘወር ብለን ሳናይ ረጅም ቁልቁለት ወረድን። ከታች ቆመን ብንጠብቅ ልጁ አልመጣም። ብንጠራው አልመለሰም። ብስክሌቱን ጥለን እየሮጥን ወደ ላይ ተመለስን።

ከአንድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ልጃችን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ አገኘነው። በአጠገቡም በዕድሜ የገፉ አንዲት የእንጨት ተሸካሚ እናት ተቀምጠው፣ ግራ እጁን በነጠላቸው አስረው፣ በደረቱ ላይ ደግፈው ይዘውለታል። የተሸከሙት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከመንገዱ ማዶ ወርዶ ተጋድሟል። እኛን ባዩ ጊዜ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ቀድመው የሄዱት አባቱ እርስዎ ነዎት?» ብለው ጠየቁን። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም የምንመልሰው ቃል አጣን።

ሸክም የተሸከመ ሰው እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለ ሸክም አንድ ጊዜ ከወረደ ያለ ረዳት አይነሣም። ስለዚህ እኒያ እናት ሸክማቸውን ሲያወርዱ የሚያነሣላቸው ሰው መምጣቱን ሳያውቁ ነበር ያወረዱት። በኋላ ከአንድ መንገደኛ ጋር ሆነን ስናሸክማቸው ክብደቱ አስደነገጠን። ያን ያህል የተሸከሙት እርሳቸው ለሰው ልጅ ሲቆሙ፣ እኛ ከራሳችን በቀር ምንም ሳንሸከም ለልጃችን ዘወር ብለን አላየንም ነበር።

ልጃችን የወደቀው ፍሬኑ ሩቅ ስለ ሆነበት ሁለቱን አስተካክሎ መያዝ አቅቶት፣ በድንጋጤ የፊተኛውን ብቻ በኀይል ስለ ጨበጠው ነው። የፊት ጎማ በቁልቁለት ላይ በድንገት ሲያዝ ሰውየውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለዋል። የእጁ አንጓ አጥንት ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ከረመ። አጥንቱ ደኅና ሆኖ ገጠመ። ነገር ግን ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ «ልጄ፣ አሁን ድነሃልና በዝግታ እንሞክር» ብንለው፣ ዐይኑን ወደ መሬት አድርጎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ አልደርስብዎትም» አለን። ከስብራቱ ይልቅ ያመመን ይህ ቃል ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ጉዞ ለማሰናዳት ስንነሣ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቃል ልናቀና ነበር።

ከሁሉ በፊት «መካከለኛ» የሚለውን ቃል መረመርነው። በውጭ አገር የተራራ ብስክሌት መንገዶች እንደ ክብደታቸው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አረንጓዴ ክብ ለቀላሉ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛው፣ ጥቁር ዕንቁ መሰል ምልክት ለከባዱ ነው። በዚህ ሥርዐት መካከለኛ የሚባለው መንገድ ስፋቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር የማያንስ፣ ዳገቱም በአማካይ ከመቶ ሜትር ርቀት ዐሥር ሜትር ከፍታ የማያልፍ፣ ሊሸሹት የማይቻለውም ድንጋይ ወይም ሥር ከ20 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። ይህ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው መሬቱን እንጂ ሰውን አይደለም። ለአባት መካከለኛ የሆነው ለልጅ ከባድ፣ በጧት መካከለኛ የሆነው በደከመ ሰዓት ከባድ ይሆናል። እንግዲህ የቤተ ሰብ ጉዞ በብርቱው ሳይሆን በደካማው ጉልበት ይለካል። ይህንን ደንብ ከያዝን በኋላ የቀረውን ሁሉ ከዚሁ አወጣነው።

መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ቀኑ ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ተራራ መውጣት ለአካልም ለጾሙም አይበጅምና፣ ረቡዕንና ዓርብን ተውን። የእሑድ ጧት የቅዳሴ ነውና አልነካነውም። በክረምት ደግሞ መሬቱ ይላቁጣል፤ በረጠበ መሬት ላይ የሄደ ጎማ ቦይ ይቀድዳል፣ በቦዩም ጎርፍ ይወርድበትና መንገዱን ይበላዋል። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ በጥቅምት ወር የሚውል ቅዳሜ መረጥን። በዚያን ጊዜ መሬቱ ጠንክሯል፤ አቧራው ግን ገና አልተነሣም። የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የያዙ ሰዎች ጉዞውን ወደ ጥር ቢያሻግሩት ይሻላቸዋል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀምረን፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ለመጨረስ ወሰንን። ከልጆች ጋር በጥርጊያ መንገድ ላይ በሰዓት ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ በቂ ነው፤ ስለዚህ ለ12 ኪሎ ሜትር መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ለዕረፍትና ለድንገተኛ ነገር ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል መደብን። የመመለሻ ሰዓትም አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ያሰቡበት ቦታ ቢደረስም ባይደረስም መመለስ ነው። ዳገቱን በመጀመሪያ፣ ቁልቁለቱን በመጨረሻ ማድረግም ይጠቅማል፤ የደከመ ልጅ ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ዳገት እንዳይገጥመው ነውና።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ3,200 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ አየር አንድ ሦስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ከአዲስ አበባ መካከል ጋር ቢነጻጸር እንኳ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ከታች ሆኖ የማይደክም ሰው ከላይ ቢያለከልክ ሊያፍር አይገባውም። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ፔዳል እየረገጡ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ካልተቻለ በዝቷል። ብርዱም በከፍታው ይጨምራልና፣ በዳገት ያላበው ሰውነት በቁልቁለቱ ነፋስ እንዳይመታ ለእያንዳንዱ አንድ ሹራብ ይያዝ። ፀሐዩም ከላይ ይበረታልና ለፊትና ለአንገት መከለያ አይረሳ።

አራተኛው ብስክሌቱ ነው። የፍሬኑን ዘንግ ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ትገኛለች፤ ያችን ብሎን ባለፈው ዓመት ብናዞራት ኖሮ ልጃችን ባልወደቀ ነበር። በአንድ ወይም በሁለት ጣት ተይዞ የማይደረስበት ፍሬን ለዚያ ልጅ ፍሬን አይደለም። የፊተኛው ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነም እያንዳንዱ ሳይነሣ ይወቅ። ኮርቻው ልክ የሚሆነው ተረከዝ ከታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግሩ ቀጥ ሲል ነው፤ በረጅም ቁልቁለት ግን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ጎማው ለአስፋልት ከሚነፋው ጥቂት ለስለስ ቢል መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና መፍቻ በአንዱ ጀርባ ላይ ይሁኑ። የራስ ቁር የሌለው ሰው፣ አባትም ቢሆን፣ አይነሣ።

አምስተኛው ስንቅ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለአንድ ሰዓት ከግማሽ ሊትር የማያንስ ውሃ ይያዝ። ጥማት ከመምጣቱ በፊት በየጥቂቱ መጠጣት፣ ረኃብም ከመጀመሩ በፊት በየጥቂቱ መቅመስ ይገባል። ለዚህ የሚሆን ስንቅ አያቶቻችን ትተውልናል፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ለመንገደኛ የተሠሩ ናቸው። ሙዝ ቢጨመርበት ደግሞ ለልጆች ይስማማል።

ስድስተኛው የመንገድ ጨዋነት ነው። ወደ ታች የሚወርድ ሰው ለሚወጣው ይቆማል፤ የሚወጣው አንድ ጊዜ ከቆመ እንደ ገና ለመነሣት ይቸገራልና። ፈረስ ሲመጣ ከብስክሌት ወርዶ፣ ከመንገዱ በታችኛው ወገን ቆሞ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ሰላምታ መስጠት ነው፤ ፈረሱ ሰው መሆኑን ሲያውቅ አይደነብርም። ሸክም ለተሸከመ ሰው ደግሞ ከየትም ቢመጣ፣ ወዴትም ቢሄድ፣ መንገዱ የእርሱ ነው። ይህን የመጨረሻውን ደንብ የጻፈው ልጃችን ነው።

ስለ ቁልቁለቱም እንጨምር። ከኮርቻው ጥቂት ተነሥቶ፣ ሁለቱን ፔዳሎች በአንድ ልክ አድርጎ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ መለስ ማድረግ፤ ሁለቱን ፍሬኖች በአንድነት፣ በዝግታና አስቀድሞ መያዝ፤ ዐይንንም ከጎማው ፊት ሳይሆን ራቅ አድርጎ ወደሚሄዱበት መላክ። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታልና በላዩ ላይ መታጠፍና መያዝ አያስፈልግም። የሚያስፈራ ቦታ ሲመጣ ወርዶ መግፋት ነው፤ ብስክሌትን መግፋት የተሸናፊ ሥራ አይደለም። አደጋ ቢደርስ የተጎዳውን እጅ ለማቃናት ሳይሞክሩ በሻሽ ወይም በነጠላ ደግፎ ማሰርና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ይህን ሁሉ ስናስብ አንድ ነገር ቀርቶን ነበር፤ እርሱም የልጃችን ፈቃድ ነው። «ና እንሂድ» ከማለት ይልቅ፣ «መንገዱን አንተ ምረጥልን፤ እኛ እንከተልሃለን» አልነው። ለጊዜው ዝም አለን። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ደብተርና እርሳስ ይዞ መጣ። ከጉዞው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሁለታችን በእግራችን ወጥተን የፓርኩን መንገድ መረመርነው፤ እርሱም የሚታረፍበትን፣ ውሃ የሚጠጣበትን፣ ወርደን የምንገፋበትን ቦታ እያሰፈረ በደብተሩ ላይ ሣለው። በመጨረሻም ከክልሉ ወጥተን ወደዚያች መታጠፊያ እንድንወርድ ለመነን። እኒያን እናት ብናገኛቸው እናመሰግናቸው ዘንድ ዳቦ ይዘን ነበር። አላገኘናቸውም። በመንገዱ የሚያልፉትን ሌሎች እናቶች ብንጠይቅ ማንነታቸውን የሚያውቅ አልተገኘም፤ ዳቦውን ለእነርሱ አካፍለን ተመለስን።

በቀጠሮው ቅዳሜ ልጃችን ከፊት፣ እናቱና እኅቱ ከመካከል፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወጣን። ከኋላ መሆን ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። ከኋላ ያለ ሰው የማን ትከሻ እንደደከመ፣ የማን ጎማ እንደተንፈሰ፣ ማን ውሃ ሳይጠጣ እንደቆየ ሁሉን ያያል፤ ከፊት ያለ አባት ግን ከመንገዱ በቀር የሚያየው የለም። ልጃችንም በየመታጠፊያው እየቆመ ይቆጥረን ነበር። አንድ ዳገት ላይ እኛ ራሳችን ትንፋሽ አጥሮን ወርደን ብንገፋ፣ ዘወር ብሎ አይቶ፣ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፤ እኛ እንጠብቅዎታለን» አለን። ከጥር ጀምሮ በልባችን የተቀመጠው ያ ቃል በዚህ ቃል ተሻረ።

በስድስት ሰዓት ገደማ፣ ያሰብነውን 12 ኪሎ ሜትር ጨርሰን፣ በመኪናው መንገድ ዳር በዝግታ ወደ ቤታችን ስንወርድ፣ አንዲት እናት ሸክም ተሸክመው ከፊታችን ብቅ አሉ። ልጃችን ከሁላችን ቀድሞ ከብስክሌቱ ወረደ፤ ከመንገዱ ዳር ቆሞም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አላቸው። እርሳቸውም ከሸክማቸው በታች ቀና ለማለት ሳይችሉ፣ «እደግ ልጄ፤ እደግ» ብለውት አለፉ። እስኪያልፉም ድረስ ሁላችን ቆመን ጠበቅን።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በመጪው የበጋ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመውጣት ብታስቡ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ከመጠየቃችሁ በፊት ከመካከላችሁ ማን ቶሎ እንደሚደክም ጠይቁ። ጉዞውን በእርሱ ልክ ቁረጡት፤ እርሱንም ከፊት አድርጉት። ብርቱ የሆነ ሰው ደግሞ ብርታቱን ከኋላ ሆኖ በመጠበቅ ያሳይ። መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።